ከወይፈን ጋር የተወለደችው ጊደር

በሕይወቴ ስንት ላም እንዳስረገዝኩ ቁጥሩን አላውቀውም። ይህን የምለው ለመፎከር አይደለም፤ ሥራዬ ስለሆነ ነው። የከብት ማዳቀል ባለሙያ ነኝ። መካነ ሰላም ተቀምጬ፣ የኮርማ ዘር በብርድ የሚቀመጥበትን የናይትሮጅን በርሜል ከሞተር ሳይክሌ ኋላ አስሬ፣ በዙሪያው ያሉትን ቀበሌዎች እዞራለሁ። ገበሬው "ላሜ ኮርማ ፈልጋለች" ብሎ ይደውላል፤ እኔ እደርሳለሁ። የአገሩ ሰው ከብት የሚነካን ሁሉ "ዶክተር" ነው የሚለው። ዶክተር እንዳልሆንኩ በመጀመሪያው ዓመት ለማስረዳት ሞክሬ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ተውኩት። በሦስተኛው ዓመት፣ እውነቱን ለመናገር፣ እኔም ማመን ጀምሬ ነበር።

ታሪኩ የደረሰው በዚያው በሦስተኛው ዓመት ነው። ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ተወልጄ ያደግሁት ኩታበር ነው፤ ሚስቴ መሠረት መካነ ሰላም ውስጥ አስተማሪ ናት። ያን ጊዜ ያልጠየቁኝን ጭምር የምመልስ ሰው ነበርኩ። አንድ ገበሬ ስለ መዥገር ቢጠይቀኝ ስለ ጉበት ትል እጨምርለታለሁ፤ እሱ ሲሰለቸው ስለ ፈረንጅ ላም እቀጥላለሁ። መሠረት "አንተ ለሰላምታ እንኳ መግቢያ፣ ሐተታና መደምደሚያ አለህ" ትለኝ ነበር። አስተማሪ ናትና ታውቃለች።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት አያ ደምሴ ደወሉልኝ። አያ ደምሴ ከከተማው በሞተር አንድ ሰዓት ያህል በሚያስኬድ ቀበሌ የሚኖሩ፣ ቃል የሚቆጥቡ አርሶ አደር ናቸው።

"ዶክተር፣ ሸጊት አሁንም ዝም ናት" አሉኝና ስልኩን ዘጉት።

ሸጊት ጊደራቸው ናት። አራት ዓመት አልፏታል፤ ኮርማ ፈልጋ ግን አታውቅም። አንድ ቀን እንኳ አልጮኸች፣ ሌላ ከብት ላይ አልወጣች። ከዚያ በፊት በነበረው የማዳቀል ዘመቻ ከቀበሌው ከብት ጋር ተሰልፋ ሆርሞን ወግቻት ነበር። ደንቡ ከመውጋት በፊት ማኅፀንን መዳሰስ ነው። የዚያን ቀን ግን ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ዝናቡም መጣሁ መጣሁ ይል ነበር። እኔም "እንዲህ ያለች ወፍራም ጊደር ምን ይጎድላታል?" ብዬ በዓይኔ አይቼ አሳለፍኳት። መርፌው ምንም አላመጣም። ይህ የመጀመሪያው ጥፋቴ ነው፤ ሁለተኛው እየመጣ ነው።

ስደርስ ቤተሰቡ በሙሉ በረቱ ደጅ ቆሞ ይጠብቀኛል። አያ ደምሴ አሉ፣ ባለቤታቸው እትዬ የሺ አሉ፣ አንድያ ወንድ ልጃቸው ጌትነትና የጌትነት ሚስት ብርቄ አሉ። ብርቄ የወረኢሉ ልጅ ናት። ከተጋቡ አምስት ዓመታቸው ነው፤ ልጅ አልወለዱም። እትዬ የሺ አራት ሴቶች ድረው የቀራቸው ጌትነት ብቻ ስለሆነ፣ የልጅ ልጅ ነገር ሲነሳ ዓይናቸው እንባ ያቀርር ነበር። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። ማወቅና ማሰብ ግን ለየብቻ ናቸው።

"አረፍ በልና ጠላ ቅመስ እንጂ ልጄ" አሉኝ እትዬ የሺ።

"ሥራ ይቅደም" አልኩ፣ እንደ ትልቅ ሰው።

እስከ ትከሻ የሚደርሰውን ጓንት አጥልቄ ሸጊትን ዳሰስኳት። ማኅፀን ሊኖርበት በሚገባው ቦታ ማኅፀን የለም። እንደ ክር የቀጠነ ነገር ብቻ ነው ያለው። እጄን አዙሬ ፈለግሁ፤ የለም። እጄን አውጥቼ ከፊትም ከኋላም ቆሜ አየኋት። አንገቷ ደንዳና፣ ትከሻዋ ሰፊ፤ ለካ ጊደር ሳይሆን ሰንጋ ነበር የምትመስለው። በሥልጠና የተማርኩት፣ በሥራ ግን አንድም ቀን ያላጋጠመኝ ነገር ትዝ አለኝና ልቤ በደስታ መታ። አዎ፣ በደስታ። የሰው ጊደር መካን መሆኗን ሳውቅ ደስ አለኝ፤ ምክንያቱም ያወቅሁት እኔ ነኝ።

"አያ ደምሴ፣ ይቺ ጊደር ስትወለድ ብቻዋን ነበረች ወይስ መንታ ናት?"

"ብቻዋን" አሉ አያ ደምሴ ቶሎ ብለው።

"ብቻዋን ናት" አሉ እትዬ የሺም፣ ከሳቸው በባሰ ፍጥነት።

ጌትነት መሬት መሬቱን ያያል። ግራ ገብቶኝ ጓንቴን ማውለቅ ስጀምር ብርቄ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "መንታ ናት" አለች።

ሁሉም ዞረው አዩዋት።

"ምን ላርግ እማማ፣ ዶክተሩ ሊያክም ነው የመጣው። ያልተነገረውን እንዴት ያክማል?" አለች ለአማቷ። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ "ኸወይፈን ጋር ነው የተወለደች። ወይፈኑን የዚያኑ ለት ወግዲ አክስታቸው ቤት ወሰዱት" አለችኝ።

በዚያ አገር መንታ የወለደች ላም ወሬዋ አይወጣም። ዓይን ትስባለች ይባላል። ስለዚህ አንደኛው ጥጃ ገላው ሳይደርቅ የምትታለብ ላም ወዳለችበት ዘመድ ቤት ይላካል፤ ጎረቤት ሲጠይቅም "አንድ ወለደች" ይባላል። ይህ ውሸት እንደ ውሸት አይቆጠርም፤ ጥንቃቄ ነው። አያ ደምሴም "ብቻዋን" ያሉኝ በዚህ ጥንቃቄ ነው።

እዚህ ላይ ዝም ብዬ "ጊደሯ አትወልድም፤ አደልቧት" ብል ነገሩ ያበቃ ነበር። እኔ ግን በረቱ ደጅ ያለው ድንጋይ ላይ ቆምኩ።

"ስሙኝማ" አልኩ። "ላም ወንድና ሴት መንታ ስትፀንስ የሁለቱ እንግዴ ልጅ ይገጣጠማል፤ ደም ሥራቸው አንድ ይሆናል። የወንዱ ሆርሞን በደም ተሻግሮ ሴቷ ዘንድ ይደርስና ማኅፀኗ ሳይሠራ ይቀራል። ክሮሞሶም የሚባል ነገር አለ፤ ወንድ ሁን፣ ሴት ሁኚ የሚለው የተፈጥሮ ትእዛዝ ነው። ሴት ሁለት ኤክስ አላት፤ ወንድ አንድ ኤክስና አንድ ዋይ አለው። የሸጊት ደም ቢመረመር የሷም የወንድሟም ተቀላቅሎ ይገኛል። ስለዚህ ከወንድ ጋር የተወለደች፣ ከስንት አንዷ ካልሆነች በቀር፣ መካን ናት። መድኃኒት የለውም። ጠበልም አያድነውም። አትድከሙ፤ አደልቡና ለበዓል ሽጧት።"

"ጠበልም አያድነውም" የምትለዋን ለምን እንደጨመርኳት እስከ ዛሬ አላውቅም። ንግግሩን ለማሳመር ይመስለኛል።

እትዬ የሺ ጊደሯን አያዩም ነበር፤ የሚያዩት ብርቄን ነው። አስተውያለሁ። ምስጢር ስላወጣች ተቆጥተው ነው ብዬ አለፍኩት። ብርቄ ጠላ ልታመጣ ገብታ አልተመለሰችም፤ የቀዳልኝ ጌትነት ነው። ጠጥቼ፣ አፌን ጠርጌ፣ ኮርቼ ሄድኩ። ቤት ስደርስ ያንኑ ንግግር ለመሠረት ከነድንጋዩ ደገምኩላት።

በማግሥቱ ቢሮ ገብቼ ሳልቀመጥ ጌትነት ደወለ።

"ዶክተር፣ ምን በደልኩህ?" አለኝ።

"ምነው? ሸጊት ታመመች?"

"ብርቄ ልትመለስ ነው።"

"ወዴት?"

"ወረኢሉ፣ አባቷ ቤት። ብርቄ እኮ መንታ ናት። መንታ ወንድሟ በሰርጋችን አብሯት መጥቶ አገር ነው ያየው። እናቴ ትላንት አንተ ኸሄድክ ወዲህ እህል አልቀመሰችም። 'ኸወንድ ጋር የተወለደች መካን ናት፣ ጠበልም አያድናት፣ የተማረ ሰው ነገረን' ብላ ሽማግሌ ጠርታለች። ወላሂ፣ ምን እንደምል ጠፋኝ።"

መጀመሪያ ሳቅሁ። ነገሩ ቀልድ መሰለኝ። ጌትነት ሳይስቅ ሲቀር ሳቄ አፌ ውስጥ ደረቀ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚባለው ለካ ለእኔ ነው። በአምስት ደቂቃ ንግግር የአምስት ዓመት ትዳር አፍርሼ፣ ጠላም ጠጥቼበት መጥቻለሁ።

ለአለቃዬ ሳልናገር ሞተሬን አስነሳሁ። መንገዱ እንደዚያን ቀን ረዝሞብኝ አያውቅም። ኮረብታውን ስወጣ ለእትዬ የሺ የምላቸውን አዘጋጃለሁ፤ ስወርድ እረሳዋለሁ። ከፊቴ የሚድኸው እህል የጫነ አይሱዙ አላሳልፍ ሲለኝ ብርቄ ሳልደርስ እንዳትሄድ ፈራሁ። አንዴ ወረኢሉ ከደረሰች፣ "መካን ናት ተብላ ተመለሰች" ከተባለ፣ ቃሉን ማንም አይመልሰውም።

ደረስኩ። ሽማግሌዎቹ ግቢው ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ሁለቱ ጎረቤቶች ናቸው፤ ሦስተኛው የእትዬ የሺ ታላቅ ወንድም ቄስ ተገኝ ናቸው፣ መቋሚያቸውን ተመርኩዘው። አያ ደምሴ ዳር ላይ ቆመዋል። ጌትነት በረቱን ተደግፎ ያለቅሳል፤ ብርቄ አታለቅስም። በራፉ ላይ ጓዟ አጠገብ ተቀምጣለች። ከጓዟ ላይ የተደረበውን ነጠላ አወቅሁት፤ እትዬ የሺ ለበዓል ብቻ የሚለብሱት ነው። አንድ ቅል ቅቤም አብሮ አለ። እያባረሯት ስንቅ ቋጥረውላት ነበር፤ የእሳቸውም ዓይን ቀልቷል።

"እትዬ የሺ" አልኩ ሰላምታም ሳልሰጥ፣ "ትላንት ያልኩት ስለ ከብት ነው።"

"ከብትን ማን ፈጠረው?" አሉኝ።

"እግዚአብሔር።"

"ሰውንስ?"

"እግዚአብሔር።"

"ታዲያ" አሉኝ።

ተናጋሪ ነኝ ብያችኋለሁ፤ በዚህች "ታዲያ" ግን ግማሽ ትምህርቴ ፈረሰ። ያም ሆኖ ቀጠልኩ። በሰው ወንድና ሴት መንታ ሲሆኑ ለየራሳቸው እንግዴ ልጅ እንዳላቸው፣ ተጣብቆ እንኳ ቢሆን ደም ሥራቸው እንደማይገጣጠም፣ የወንዱ ሆርሞን ሴቷ ዘንድ ደርሶ ማኅፀኗን እንደማያበላሽ አስረዳሁ። በእጄ አየር ላይ ሳልኩ። ሽማግሌዎቹ የሳልኩበትን አየር በትሕትና ተመለከቱ።

"ትላንት ይገጣጠማል አልክ፤ ዛሬ አይገጣጠምም ትላለህ" አሉ እትዬ የሺ። "ልጄ፣ ንገረኝ። አሁን የመጣኸው ስለምታውቅ ነው ወይስ ስላዘንክላት?"

"ሁለቱም ነው።"

"ኀዘን የገባበት እውቀት አይታመንም" አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ተሰበረ። "እኔ አልጠላኋትም። ኸሴቶቹ ልጆቼ አላሳነስኳትም። ግን ጌትነት አንድ ነው። እኔ ሳልሞት የዚህ ቤት በር ይዘጋ?"

ከጎረቤቶቹ አንዱ ጣልቃ ገቡ። "ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነው። ዶክተር፣ ብዙ አታድክመን። ኸወንድ ጋር መንታ ተወልዳ የወለደች ሴት ታውቃለህ? አንዲት ብትሆን። ስሟን ጥራልን።"

ጭንቅላቴን በረበርኩት። ላም ብቻ ሞልቶበታል። ስማቸውን ከነቀለማቸው የማውቃቸው ላሞች አሉ፤ ከወንድ ጋር ተወልዳ የወለደች ሴት ግን አንዲትም ትዝ አላለችኝም።

"ትኖራለች" አልኩ።

"ስሟን።"

ዝም አልኩ። በዚያ ግቢ ውስጥ ዝም ስል የመጀመሪያዬ ነው። ጌትነት ፊቱን ወደ በረቱ አዞረ። ብርቄ ብድግ ብላ ጓዟን አነሳች። አንድ ቃል እንኳ ሳትናገር፣ እንደምትሄድ ሰው ሳይሆን ውሃ ልትቀዳ እንደምትወርድ ሰው፣ ወደ አጥሩ በር መራመድ ጀመረች። በዚያች ሰዓት ራሴን ጠላሁት።

"ብርቄ፣ ቆይ" አሉ ቄስ ተገኝ። "እኔ አንዲት አውቃለሁ።"

ብርቄ ቆመች።

ቄስ ተገኝ እኔንም ሽማግሌዎቹንም አላዩ። ያዩት እህታቸውን ነው። "የሺ፣ ስምንት ዓመቴ ነበር። እናታችን ምጥ ሲይዛት ደጅ አስወጡኝ፤ እኔ ግን በቀዳዳ አይ ነበር። መጀመሪያ አንቺ መጣሽ። ኋላ ወንድ ልጅ መጣ።"

እትዬ የሺ አልተንቀሳቀሱም።

"ሦስት ቀን ነው የቆየ። ክርስትና ሳይነሳ ሄደ። እናታችን ጠርታ አስማለችኝ። 'ወንድሟን በላች ይሏታል፤ እስክትሞት እንዳትሰማ' አለችኝ። ነፍሷን ይማርና፣ ይቺን መሐላ ዛሬ አፈረስኳት። ንስሐውን እኔ እቀበላለሁ።"

እትዬ የሺ መሬት ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ስለ ብርቄ ይናገራሉ ብዬ ስጠብቅ፣ "ወንድም ነበረኝ?" አሉ።

"ነበረሽ።"

"ስሙስ?"

"ስም አልደረሰበትም።"

ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ሴት፣ በአንድ ረፋድ ወንድም አግኝተው በዚያው ረፋድ ቀበሩት። እኔም አለቀስኩ፤ አላፍርበትም። ይህን ሁሉ ጊዜ ዳር ቆመው የነበሩት አያ ደምሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"አምስት ወልደሻል" አሏቸው ለሚስታቸው። ሌላ አልጨመሩም።

እትዬ የሺ ቆይተው ተነሱ። ወደ በሩ ሄደው ጓዙን ከብርቄ እጅ ተቀበሉ። "ይቅር በይኝ" አላሉም። "ግቢ፣ ብርዱ መታሽ" አሏትና ጓዙን ራሳቸው ተሸክመው ቤት አስገቡት። እኔ የሰማሁት ትልቁ ይቅርታ እሱ ነው።

ሽማግሌዎቹ ሲረጋጉ ያው ጎረቤት "እንግዲያስ ለምን አልወለደችም?" ብለው ጠየቁ። እኔም ምንም አልተማርኩም ነበርና ወዲያው መለስኩ።

"ጌትነት ተመርምሮ ያውቃል?"

ሦስቱም ሽማግሌዎች ደመናውን መመልከት ጀመሩ። ጌትነት "እኔ ምን ሆንኩ?" አለ።

"ምንም አልሆንክም። ግን ላም አልይዝ ስትል እኛ ኮርማውንም እናያለን።"

አያ ደምሴ "ይሂድ" አሉ፤ በቃ፣ ተወሰነ።

ስወጣ ብርቄ የአጥሩን በር ልትከፍትልኝ ሸኘችኝ። ሞተሬን ሳስነሳ እጇን መሪው ላይ አደረገች።

"ዶክተር፣ እርሰዎ ስንት ልጅ አለዎት?"

አንባቢዎቼ፣ እስካሁን ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። እኔና መሠረት ከተጋባን አራት ዓመት ሆኖን ነበር፤ ልጅ የለንም። መሠረት ደሴ ሁለት ጊዜ ሄዳ ተመርምራለች። በክረምቱ የትምህርት ቤት ዕረፍት ሁለት ሱባኤ ጠበል ተጠምቃለች። እናቴ ከኩታበር በየሳምንቱ ትደውልና "ኸይር ነገር የለም?" ትላለች፤ እኔ "የለም እማዬ" እላለሁ፤ መሠረት ከክፍሉ ትወጣለች። ደሴ ያለው ሐኪም "ባለቤትሽን ይዘሽው ነይ" ብሏት ነበር። እኔ ግን ሥራ ላይ ነበርኩ። ዘመቻ ነበረ፤ ከዘመቻው በኋላ ሌላ ዘመቻ ነበረ።

"የለኝም" አልኳት ብርቄን።

"ሚስትዎ ተመርምራለች?"

"ተመርምራለች። ምንም የለብሽም ተባለች።"

"እርሰዎስ?"

ላልተጠየቅሁት ሁሉ መልስ ያለኝ ሰውዬ የተጠየቅሁትን መመለስ አቃተኝ። ብርቄ ፈገግ አለች። በዚያ ቀን ፈገግታ ይተርፋታል ብዬ አልጠበቅሁም።

"የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይላሉ" አለችኝ። "ለጌትነት ቀጠሮ ሲይዙ ለሁለት ያርጉት። አብሽር፣ አያምም።"

በሁለተኛው ሳምንት እኔና ጌትነት ወደ ደሴ በሚሄድ ሚኒባስ ጎን ለጎን ተቀመጥን። መንገዱን ሙሉ ያወራነው ስለ ገብስ ዋጋና ስለ ዝናብ ነው። ክሊኒኩ ስንደርስ ነርሷ "የሚመረመረው የትኛችሁ ነው?" አለች። እኔ "እሱን ላደርስ ነው የመጣሁት" አልኩ። ጌትነት "እኔም እሱን" አለ። ነርሷ ሁለታችንንም አይታ ሁለት የናሙና ዕቃ ሰጠችን። የስንቱን ኮርማ ዘር በአጉሊ መነጽር አይቼ ነጥብ የሰጠሁ ሰው፣ የራሴን ዕቃ በጃኬቴ ሸፍኜ በዚያ ኮሪደር ላይ ሄድኩ።

ጌትነት ኢንፌክሽን ተገኘበት፤ ለሱም ለብርቄም መድኃኒት ታዘዘ። የኔን ያየው ሐኪም በሩን ዘጋ። ምንም ዘር አልተገኘም አለኝ። ደሜን ወስዶ ወደ አዲስ አበባ ላከው። ውጤቱ ከብዙ ሳምንት በኋላ መጣ።

"ወንድ አንድ ኤክስና አንድ ዋይ አለው" ብሎ ጀመረ።

"አውቃለሁ" አልኩት።

"አንተ ሁለት ኤክስና አንድ ዋይ አለህ። አንድ ትርፍ ነው። ከተፀነስክ ጀምሮ የነበረ ነው፤ ማንም አላጠፋም። ብዙ ወንዶች እንዳለባቸው ሳያውቁ ኖረው ይሞታሉ።"

ድንጋይ ላይ ቆሜ የቆጠርኳቸው ፊደላት ናቸው። በከብትም እንዳለ ተምሬ ነበር፤ እንዲህ ያለ ኮርማ ግርማ ሞገሱ ሳይጎድል ዘሩ ባዶ ይሆናል፤ ከመንጋው ይወጣል። ሐኪሙ ውጭ አገር ለአንዳንዱ የሚሞከር ሕክምና እንዳለ፣ ግን ባዶ ተስፋ ሊሰጠኝ እንደማይፈልግ ነገረኝ። አመሰገንኩት። ደረጃውን ስወርድ ያሰብኩት ስለ ራሴ ሳይሆን ስለ መሠረት ነው። በቀዝቃዛ ውሃ ስትጠመቅ የከረመችው ለኔ ፊደል ነው።

ታዲያ ምን ተለወጠ ትሉኝ ይሆናል። ብርቄ ዛሬ ሴት ልጅ አላት፤ እትዬ የሺ ልጅቷን ከጀርባቸው አያወርዷትም። ሸጊትን ሊሸጧት አልጨከኑም። አያ ደምሴ አንድ ቀን ከበሬ ጋር ቢጠምዷት እንደ ደህና በሬ አረሰች፤ መጀመሪያ የሳቀው ጎረቤት ዛሬ ይዋሳታል። እኔ ደግሞ ሳልዳስስ መርፌ አልወጋም። ጊደር ባየሁ ቁጥር መንታ መሆኗን እጠይቃለሁ፤ ግን ለባለቤቱ ብቻ፣ ለብቻው፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው። የሚሰማ ሰው ሁሉ የሚሰማው በራሱ ቁስል በኩል እንደሆነ ገብቶኛል። እናንተ ወንድሞቼ፣ ሚስቶቻችሁን ጠበል የምትሸኙ፣ ጠበሉን አልነቅፍም፤ አንድ ጊዜ ነቅፌ ያየሁትን አይቻለሁ። ግን አብራችሁ ሂዱ። በመንገድ ላይም ክሊኒክ ግቡ። ነርሷ ሁለት ዕቃ አላት።

የከበደኝን ለመጨረሻ ያስቀረሁት ፈሪ ስለሆንኩ ነው። ውጤቱን ይዤ ቤት ስገባ መሠረት የተማሪ ደብተር ታርም ነበር። ወረቀቱን ሰጠኋት። ሁለት ጊዜ አነበበችው። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። እስክሪብቶዋን ከደነች።

"ለእናትህ ማን ይነግራቸዋል?" አለችኝ።

"እኔ።"

"መቼ?"

ነገ ልል ነበር። ዓይኗን ሳየው "አሁን" አልኩ። ደወልኩ፤ እንድትሰማው ድምፁን ከፍ አደረግሁት።

"ኸይር ነገር አለ?" አለች እናቴ እንደ ልማዷ።

"እማዬ፣ ችግሩ ከኔ ነው። ተመርምሬ አወቅሁ። መሠረት ምንም የለባትም፤ ድሮም አልነበረባትም።"

መግቢያም ሐተታም አልነበረውም። እናቴ "ስልኩን ለመሠረት ስጣት፤ ድምፁንም ቀንሰው" አለችኝ።

መሠረት ስልኩን ይዛ ወደ ደጅ ወጣች። በመስኮት አየኋት። ለረጅም ጊዜ ምንም ሳትናገር ታዳምጣለች። ከዚያ ደረጃው ላይ ተቀመጠች፤ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ስትመለስ ፊቷ ታጥቦ የወጣ ይመስል ነበር።

"ምን አለችሽ?" አልኳት።

"ለኔ የተነገረ ነው" አለችኝና ደብተሩን ሳበች።

ምን እንደተባባሉ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ዳግመኛም አልጠየቅሁም። እናቴ አሁንም በየሳምንቱ ትደውላለች። የምትደውለው ግን ለመሠረት ነው። ካርድ ከተረፋት እኔንም ታናግረኛለች።